22,000 የሰርግ ፎቶ እና ስታክ ያደረገ ዊንዶው

ክሩን፣ ማለትም የኦንላይን ውይይቱን፣ የከፈትኩት እኔው ነኝ። እሑድ ማታ ነበር፣ ንድድ ብሎኝ። ያልኩትን ቃል በቃል አልደግመውም፤ ግማሹ አሁን ሲነበብ ያሳፍራል። ፍሬ ነገሩ ግን ይኸው።

ለአንድ ፎቶ ቤት የዴስክቶፕ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣሉ፣ ለአልበም የሚሆናቸውን ይመርጣሉ። ፎቶዎቹ አነስ አነስ ብለው፣ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ወደ ታች ስክሮል እየተደረጉ መታየት አለባቸው። የምጽፈው በሲ ሻርፕ ቋንቋ እና በደብልዩፒኤፍ ነው፤ ደብልዩፒኤፍ የማይክሮሶፍት የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ ነው። ዝርዝር የሚያሳየውን ሊስትቦክስ ወሰድኩ፣ ፎቶዎቹ በአግድም እንዲሰለፉ የውስጡን ፓነል (ደርዳሪውን) በራፕፓነል ቀየርኩት። በ200 ትናንሽ ፎቶ ስሞክረው ማር ነው። የባለቤቱን ፎልደር ስከፍት ግን ዊንዶው ስታክ አደረገ። ፎልደሩ ውስጥ 22,000 ፎቶ አለ። ወጥቼ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ፤ እዚያው ነው። ትንሽ ቆይቶ ሚሞሪ አለቀና ፕሮግራሙ ተዘጋ። ባለቤቱ ከጎኔ ቆሞ ነበር።

ስለዚህ ደብልዩፒኤፍ ቨርቹዋላይዜሽን አለው የሚባለው ወሬ ነው ብዬ ጻፍኩ። ቨርቹዋላይዜሽን ማለት፣ ለማያውቀው፣ ዝርዝሩ የፈለገውን ያህል ቢረዝም ስክሪኑ ላይ ለሚታየው ብቻ ኮንትሮል (ፎቶውን የሚያሳየውን የስክሪን ዕቃ) መፍጠር ማለት ነው። 40 ፎቶ ከታየ 40 ኮንትሮል፣ ሌላው ተራው እስኪደርስ በዳታ መልክ ይቀመጥ። ጥያቄዬም ይህ ነበር፦ የራሴን ፓነል ልጻፍ ወይስ ነገሩን እርግፍ አድርጌ ልተወው?

24 መልስ መጣ።

1ኛው በጣም ጨዋ ነበር። የኮምፒውተሩ ሚሞሪ ስንት እንደሆነ፣ የትኛውን የዶትኔት (ደብልዩፒኤፍ የሚሠራበት መድረክ) ቨርሽን እንደምጠቀም፣ የአንዱ ፎቶ ልክ በፒክስል ስንት በስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር ደበረኝ። ሰው መፍትሔ ሲጠብቅ ጥያቄ ሲመጣበት ይደብራል። ሚሞሪው 8 ጊጋባይት ነው ብዬ የፎቶውን ልክ ዘለልኩት። ያ መዝለል ምን እንዳስከፈለኝ ወደ ኋላ ታያላችሁ።

2ኛው እርማት ነው፣ ለስላሳ ግን የማያወላዳ። ሊስትቦክስ ከፋብሪካው ሲወጣ ቨርቹዋላይዝ ያደርጋል። የሚያደርገው ግን ሊስትቦክሱ ራሱ ሳይሆን ውስጡ ያለው ቨርቹዋላይዚንግስታክፓነል ነው። እኔ ያንን አውጥቼ ራፕፓነል ስከትበት ሞተሩን አውጥቼ ጥዬ መኪናው ለምን አይሄድም እንዳልኩ ቆጠረው። ራፕፓነል የተሰጠውን ሁሉ ይፈጥራል፣ ይለካል፣ ይደረድራል፤ ሌላ አያውቅም። ቨርቹዋላይዝ የሚያደርግ ራፕፓነል ደግሞ ደብልዩፒኤፍ በ2006 ሲወጣም አልነበረውም፣ ከዚያ ወዲህም አልተጨመረለትም። ሌላም ወጥመድ ጠቆመኝ፦ ደህናውን ሊስትቦክስ እንኳ ስታክፓነል ውስጥ ካስቀመጡት ነገሩ ይበላሻል። ስታክፓነል ለልጆቹ ወሰን የሌለው ቁመት ስለሚሰጥ ሊስቱ ሁሉም ፎቶ እየታየ ነው ብሎ ያምናል፣ 22,000ውንም ይፈጥራል። ምንም ኤረር አይመጣም። ዝም ብሎ ይንቀራፈፋል።

3ኛው በዚህ ተስማምቶ የራሱን ጨመረ። ትሪቪው (እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚዘረጋው ሊስት) እስኪነገረው ድረስ ቨርቹዋላይዝ አያደርግም፤ በግሩፕ የተከፋፈለ ሊስት ደግሞ እስከ ዶትኔት 4.5 ድረስ ጭራሽ አይችልም ነበር። አመሰገንኩት።

ከዚያ 4ኛው መጣ። ዴስክቶፕ ከሞተ ቆይቷል፣ በዚህ ዘመን ደብልዩፒኤፍ የሚነካ ሰው ምን ነካው፣ ነገሩን በብራውዘር ሠርቶ መገላገል ነው አለ። ከዚያ የባሰም ቃል ነበረው።

5ኛዋ ሴት ናት፣ በክሩ ውስጥ ደጋግማ ትመጣለች። ብራውዘር ላይ 22,000 ምስል ብትደረድርም ገጹ ይንገታገታል፤ ችግሩ ከዴስክቶፕ ወደ ብራውዘር አብሮህ ይሰደዳል እንጂ አይጠፋም አለችው። የፎቶ ቤቱ ፎቶ ሁሉ እዚያው ሀርድ ዲስኩ ላይ ነው፣ ኔት ሲጠፋም ሙሽሮቹ ቀጠሮ ይዘው ይመጣሉ። 6ኛው ያው ቁጥር 4 ነው፤ መልስ ሲያጣ ስድብ ያዘ። አልፈዋለሁ።

7ኛውን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ረጅም ነው፣ በድግስ ይጀምራል። 600 እንግዳ የተጠራበት ሰርግ ላይ 600 ሰሃን አይገዛም አለ። እንግዳው በተራ ነው የሚገባው። 50 ሰሃን ካለ የበላው ሲነሳ ይታጠባል፣ ለሚቀጥለው ይቀርባል። እንግዳው ዳታው ነው፣ ሰሃኑ ደብልዩፒኤፍ ኮንቴይነር የሚለው ነው፣ አስተናጋጁ ደግሞ አይተምኮንቴይነርጀነሬተር የሚባለው ክላስ። ፓነሉ የድግሱ አዛዥ ነው፦ ስንት ወንበር እንዳለ ያያል፣ ከስንተኛው እስከ ስንተኛው እንግዳ እንደሚገባ ይወስናል፣ አስተናጋጁን ያዝዛል።

ቀጥሎ ወደ ኮዱ ገባ። የራሴን ፓነል ለመጻፍ ከቨርቹዋላይዚንግፓነል መውረስ፣ አይስክሮልኢንፎ የሚባለውን ኢንተርፌስም (ክላሱ እሞላለሁ ብሎ የሚገባው ውል) መሙላት አለብኝ። ኢንተርፌሱ 9 ፕሮፐርቲ እና 15 ሜተድ አለው። አብዛኛው ተራ ነገር ነው፤ አንድ መስመር ውረድ፣ አንድ ገጽ ውጣ፣ የማውሱን ጎማ ስማ። ፍሬው ግን አንድ ነው። ወትሮ ስክሮል የሚያደርገው ስክሮልቪወሩ ፓነሉን እንዳለ አንስቶ ወደ ላይ ወደ ታች ይገፋዋል። አይስክሮልኢንፎ ሲኖር ግን ይጠይቀዋል፦ ጠቅላላ ቁመትህ ስንት ነው፣ የሚታየው ስንት ነው፣ አሁን የቱ ጋ ነህ? ፓነሉ ያላያቸውን 21,960 ፎቶዎች ቁመት ጭምር አስልቶ መመለስ አለበት። ቁጥሩ ሲቀየር ለስክሮልቪወሩ ካልነገርከው ባሩ ባለበት ደርቆ ይቀራል።

ዋናው ሥራ የሚሠራው ሜዠርኦቨርራይድ በሚባለው ሜተድ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የሚታየው የመጀመሪያና የመጨረሻ ፎቶ ይሰላል። ለመሃሉ ጀነሬተሩ ኮንቴይነር ይጠየቃል፣ አዲስ ከሆነ ፓነሉ ላይ ይጨመራል፣ ይለካል። ከስክሪኑ የወጡት ይመለሳሉ። እዚህ ላይ እሱን ሁለት ቀን ያቆመችውን እንቅፋት ነገረን። ኢንተርናልቺልድረን የሚባለውን ፕሮፐርቲ ቀድመህ ሳትነካ ጀነሬተሩን ከጠራህ ነል (ባዶ) ይመልስልሃል። ስለዚህ በኮዱ ውስጥ ምንም የማትሠራ የምትመስል አንዲት መስመር ትኖራለች። ከሥሯ አትሰርዟት የሚል ኮመንት ጻፉ አለ። እኔም ጻፍኩ።

8ኛው ስለ ኮዱ ምንም አላለም። የሱ ሰፈር እድር 600 ሰሃን እንዳለው፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሩም ሳይቆጠር፣ ቅር ብሎት አስረዳ። 9ኛው የነሱ እድር ደግሞ ሰሃኑን በምልክት እንደሚያስፈርምና የጎደለ እንደሚያስከፍል ነገረን። ለአንድ ሰዓት ያህል ክሩ የእድር ስብሰባ ሆነ።

10ኛው ወደ ሰሃኑ ሲመልሰን በጥሩ መንገድ ነው። ሰሃኑ ሳይታጠብ ከቀረበ የሚቀጥለው እንግዳ የሰው ወጥ ይደርሰዋል አለ። ኮንቴይነር እንደገና የመጠቀም ዘዴ በ2008 ከዶትኔት 3.5 ሰርቪስ ፓክ 1 ጋር መጣ። እሱ ለአንድ መጋዘን በሠራው ፕሮግራም ይህንን አብርቶ ነበር። ሠራተኛው አምስት ዕቃ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ስክሮል ያደርጋል፣ ምልክቱ ያልነካቸው ዕቃዎች ላይ ይወጣል። መጋዘኑ ያላዘዘውን ዕቃ ጭኖ ላከ። ጥፋቱ ምልክቱን ኮንቴይነሩ ላይ ማስቀመጡ ነበር። ምልክት፣ የተከፈተ የተዘጋ፣ የተጻፈ ጽሑፍ፣ ሁሉም ዳታው ላይ ይቀመጥና ኮንቴይነሩ በባይንዲንግ (ከዳታው ጋር በመታሰር) ያሳየው። የኔ ሙሽሮችም የሚሠሩት ምልክት ማድረግ ብቻ ስለሆነ ይህቺን ወዲያው ነው የያዝኳት።

11ኛው ስለ ቁመት ነው፣ ለኔ የነገሩ ሁሉ እምብርት እዚህ አለ። ጥቂት ኮንትሮል መፍጠር ቀላሉ ክፍል ነው። አስቸጋሪው ያላየኸውን ነገር ቁመት ማወቅ ነው። ሁሉም ፎቶ እኩል ሳጥን ውስጥ ከገባ ማባዛትና ማካፈል ይበቃል፦ በአንድ ረድፍ 6 ቢገባ 3,667 ረድፍ፣ ረድፉ 170 ፒክስል ቢሆን ጠቅላላው 623,390። ተጠቃሚው ባሩን መሃል ላይ ቢጥለው የቱ ረድፍ እንደሆነ በአንድ ማካፈል ይገኛል። ረድፎቹ የተለያየ ቁመት ሲኖራቸው ግን ከላይ ያሉትን ሁሉ ሳትለካ አታውቅም። ቨርቹዋላይዚንግስታክፓነል ራሱ በፒክስል ስክሮል ሲያደርግ ያየውን አማክሎ ላላየው ይገምታል። ግምቱ በተስተካከለ ቁጥር ባሩ ከጣትህ ሥር ዝልል ይላል። ደብልዩፒኤፍ ቨርቹዋላይዝ ሲያደርግ ለረጅም ጊዜ በአይተም (ከሊስቱ አንድ አንድ እየቆጠረ) እንጂ በፒክስል ስክሮል አያደርግም የነበረው፣ አይተም መቁጠር ግምት ስለማይፈልግ ነው። ቨርቹዋላይዝ እያደረጉ በፒክስል መሄድ የተፈቀደው በዶትኔት 4.5 ነው፣ በ2012።

ምክሩ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ያለህበትን ቦታ ከላይ ስንት ፒክስል ብለህ አትያዝ፤ የመጀመሪያው የሚታየው ፎቶ ስንተኛ ነው፣ ከጫፉስ ምን ያህል ተቆርጧል ብለህ ያዝ። ከላይ ያለው ግምት ሲቀየር የምታየው ፎቶ አይነቃነቅም። ሁለተኛ፣ ቁመቶቹን ፒተር ፌንዊክ በ1994 ባቀረበው የዛፍ ዓይነት አስቀምጥ። አንዱ ቁመት ሲቀየር 22,000ውን እንደገና ከመደመር በ15 እርምጃ ይስተካከላል፤ ይሄ ፒክስል የማን ነው የሚለው ጥያቄም እንዲሁ።

12ኛው እኩል ሳጥን የሚባለው ነገር ፎቶው ሥር አማርኛ ስም እስክትጽፍ ነው አለ። የዊንዶውስ መደበኛ ፎንት ሴጎ ዩአይ የግዕዝ ፊደል የለውም። ስለዚህ ጽሑፉ ወደ ኢብሪማ ወይም ወደ ኒያላ ይሸሻል፣ የሱ የመስመር ቁመት ደግሞ ሌላ ነው። ካሜራው በላቲን የሰየመው ፎቶና ባለቤቱ በአማርኛ የሰየመው ፎቶ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ረድፉ ይንጋደዳል። ቁመቱን ራስህ በቁጥር ቆርጠህ ስጠው። ይህ ለኛ የተጻፈ ምክር ነው፣ በእንግሊዝኛ መማሪያ ላይ አይገኝም።

ግን ፎንት ተነሳ ማለት ጠብ ተነሳ ማለት ነው። 13ኛው ኒያላን የሚያህል የለም አለ። 14ኛው ኒያላ በዊንዶውስ 10 ላይ ካልጫኑት ስለማይገኝ ደንበኛው ማሽን ላይ አትመኩበት ሲል ትክክል ነበር፤ ኢብሪማ ታነባለች እንጂ አታምርም ያለው 15ኛውም ትክክል ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ኪቦርድ ሊጀምሩ ሲሉ ተቋረጡ።

ያቋረጧቸው 16ኛው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። እሳቸው ይህንን ሥራ ያወቁት በዊን32 (በድሮው የዊንዶውስ ፕሮግራም መጻፊያ) ዘመን ነው። ሊስትቪው ኦውነርዳታ የሚባል ስታይል ነበረው፤ ብዛቱን ብቻ ትነግረዋለህ፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ ምን ልጻፍ እያለ በሜሴጅ ይጠይቅሃል። በ2005 ዊንዶውስ ፎርምስ ይህንኑ ቨርቹዋልሞድ ብሎ አለበሰው። አዲስ ነገር የመሰላችሁ ሁሉ ይኸው ነው ሲሉ ሳቅ አሉ መሰለኝ። ማስጠንቀቂያም ነበራቸው። የድሮው የስክሮል ሜሴጅ ቦታውን የሚይዘው በ16 ቢት ስለሆነ ከ65,535 በላይ አይሄድም፤ የቁጥር 11 ስሌት 623,390 ስለደረሰ ባሩ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ገደማ በላይ አይወርድልህም አሉኝ። ትክክለኛውን ባለ32 ቢት ቦታ ጌትስክሮልኢንፎን መጠየቅ ነበረብን አሉ።

17ኛው፣ ጋሼ ይቅርታ ብሎ ጀመረ፤ ለዊን32 ያሉት ሁሉ እውነት ነው፣ ደብልዩፒኤፍ ግን በዚያ በር አይገባም፣ ቦታውን ደብል በሚባለው ትልቅ የቁጥር ዓይነት ነው የሚይዘው። ጋሼም አልተቆጡም።

18ኛው በኪውት እና በስዊንግ፣ በሌሎች የዴስክቶፕ መሥሪያዎች፣ የሚጽፍ ነው። ይህ ሁሉ ሰሃን ማጠብ እዚያ የለም አለ። ኪውት ለረድፉ ኮንትሮል ሳይፈጥር ዴሌጌቱን (ሠዓሊውን ክላስ) ጠርቶ ቦታው ላይ ያስለዋል። የስዊንግ ጄሊስትም አንዲት ኮምፖነንት ይዞ እንደ ማህተም እያነሳ ይመታታል። ግን እዚያም ቁመት አይቀርም፦ ስዊንግ ላይ ቋሚ ቁመት ካልሰጠኸው እያንዳንዱን ረድፍ ይጠይቃል፤ ኪውት ላይም ሁሉም እኩል ናቸው ብለህ ካልነገርከው እንዲሁ። ደህና ትምህርት ነው። 19ኛው ግን የኪውት ሰዎች የሰው ቤት ሲቃጠል የራሳቸውን ቤት ቀለም ያወራሉ ብሎ ወረደበት። ሰውዬው ያን ያህል አልበደለም ነበር።

20ኛው የቁጥር 5 እህታችን ናት። ስትመጣ ክሩን ሁሉ አንብባ ነው። ፓነል መጻፍ ጥሩ ትምህርት ነው፣ ግን ርክክቡ መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ቀላሉን መንገድ አሳየችኝ። ፎቶዎቹን ስድስት ስድስት አድርገህ በረድፍ ክፈላቸው። ለሊስትቦክሱ ፎቶ ሳይሆን ረድፍ ስጠው። ያወጣኸውን ቨርቹዋላይዚንግስታክፓነል መልስ፣ ስክሮሉን በፒክስል አድርግ። የዊንዶው ስፋት ሲቀየር እንደገና ክፈላቸው። ጉድለቱንም አልደበቀችም፦ በኪቦርዱ ቀስት ወደ ጎን መሄድ አይኖርም፣ የሊስቱ ሰሌክሽን ረድፍ እንጂ ፎቶ አያውቅም።

ወዲያው ደግሞ ቁጥር 1 የጠየቀህን ለምን ዘለልክ አለችኝ። የፎቶው ልክ ስንት ነው?

6000 በ4000። ስጽፈው እጄ ከበደኝ፣ መልሱን ቀድሜ ስላየሁት። ፋይሉ ዲስክ ላይ ጥቂት ሜጋባይት ቢሆንም ሚሞሪ ላይ ሲፈታ እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይወስዳል። 96 ሜጋባይት ለአንድ ፎቶ። የሚታዩት 40 ብቻ እንኳ ቢሆኑ 3.84 ጊጋባይት። ቨርቹዋላይዜሽኑ ፍጹም ቢሆን ኖሮም ያ 8 ጊጋባይት ማሽን ያቃስት ነበር። ዲኮድፒክስልዊድዝ የሚባለውን ፕሮፐርቲ 160 ስታደርገው ግን አንዱ ወደ 68 ኪሎባይት ይወርዳል። ከፍታውን ሳትነካ ስፋቱን ብቻ ስጥ፣ አለዚያ ሙሽራዋ ትወፍራለች አለች።

21ኛው የኔ ኑዛዜ ነው። ረድፉንም ፎቶ ማሳነሱንም ሁለቱንም አደረግኩ። ከፎቶው ማነስ በኋላ 22,000ውን በሙሉ ብከፍት እንኳ 1.5 ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን በረድፍ መክፈሉንም አልተውኩትም። ፎልደሩ ወዲያው ተከፈተ፣ ስክሮሉ ወረደ፣ ወጣ። ደብልዩፒኤፍን ስለሰደብኩት ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ቁጥር 1ንም ጭምር። የቁጥር 7ን ፓነልም ማታ ማታ እየጻፍኩ ነው፤ ፎቶ ቤቱ ስለፈለገው ሳይሆን እኔ ስለፈለግኩት።

22ኛው ለሚጽፈው ሰው ማሳሰቢያ ትቷል። ኪቦርዱ ያረፈበት ፎቶ ከስክሪን ሲወጣ ኮንቴይነሩን ካነሳህበት ፎከሱ ይጠፋል፣ ቀጥሎ የሚነካው ቀስት የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ስለዚህ ያንን አንድ ሰሃን አታንሳው። በስክሪን ሪደር ለሚሠራ ዓይነ ስውር ደግሞ ያልተፈጠረ ኮንትሮል የለም ማለት ነው። ስክሪን ሪደሩ ፕሮግራሙን በሚያነብበት በዩአይ ኦቶሜሽን ላይ ያልተፈጠረውን ጠርቶ የሚያስፈጥር ፓተርን አለ፣ ፓነላችሁ ይደግፈው አለ። እዚያ ገና አልደረስኩም።

23ኛው ቁጥር 4 ነው። ይቅርታ አልጠየቀም። ግን የራሱ የብራውዘር ሊስት 5,000 ላይ እንደሚንገታገት ጠቅሶ፣ ቁጥር 11 ያለው ዛፍ በጃቫስክሪፕት እንዴት እንደሚጻፍ በትሕትና ጠየቀ። ቁጥር 11 ኮዱን ላከለት።

24ኛው ትናንት ማታ የመጣ አዲስ ሰው ነው። ሊስትቦክሱን ስታክፓነል ውስጥ አስቀምጦ፣ ለምን ቀርፋፋ እንደሆነ ይጠይቃል። ቁጥር 2ን አንብብ ብዬዋለሁ።